መኪናው የሚያድርበት ደጅ፦ ለመኖሪያ ሰፈር የትኛው የመንገድ ዳር ኃይል መሙያ ይሻላል?

በከተማ ዳርቻ ባሉ የመኖሪያ ሰፈሮች የኤሌክትሪክ መኪና ኃይል መሙያ ሊተከል ሲታሰብ ለነዋሪው የሚደርሰው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የያዘው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ትስማማላችሁ ወይስ ትቃወማላችሁ?» መኪና ያለው ይስማማል፣ የሌለው ይቃወማል፣ ቁጥሩ ይደመርና ጉዳዩ ይዘጋል። ምን ዓይነት እንደሚተከል ግን ማንም በውል አልጠየቀም። ኃይል መሙያ የሚለው ስም ብዙ ነገር ያቅፋል። በመብራት ምሰሶ ጎን ተለጥፎ ከሩቅ የማይታይ ሶኬትም፣ ከሰው ቁመት በልጦ በማራገቢያው የሚያጓራ ሣጥንም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ለአንዱ እሺ ያለ ሰው ለሌላውም እሺ ብሏል ማለት አይቻልም።

ይህን የጻፍኩት ወረቀቱ ለደረሰው ነዋሪና ወረቀቱን ለሚያዘጋጀው ኮሚቴ ነው። መኪና የሌለው ሰውም ያንብበው፤ የሚቆፈረው እግረኛ መንገድ የእርሱም ነውና።

ሌሊቱ ረጅም ነው

አንድ መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ15 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ኪሎዋት ሰዓት የኃይሉ መጠን ነው፤ ኪሎዋት ደግሞ ኃይሉ የሚሰጥበት ፍጥነት። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው እንግዲህ ማታ ቤቱ ሲገባ ከ6 እስከ 8 ኪሎዋት ሰዓት አጉድሏል። በ230 ቮልት የሚሠራ ሶኬት 16 አምፔር ሲሰጥ 3.7 ኪሎዋት፣ 32 አምፔር ሲሰጥ 7.4 ኪሎዋት ይሆናል። ከሁሉም ቀርፋፋ የሚባለው ሶኬት እንኳ የቀኑን ፍጆታ በሁለት ሰዓት አካባቢ ይተካል ማለት ነው። መኪናው ግን አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሞ ያድራል።

ባትሪው በጣም ሲጎድልስ? 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ20 በመቶ ወደ 80 በመቶ ለመድረስ 36 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ይህ በ3.7 ኪሎዋት አሥር ሰዓት ያህል፣ በ7.4 አምስት ሰዓት፣ በ50 ኪሎዋት ደግሞ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል።

«ፈጣኑን አምጡልን» የሚለው ድምፅ በስብሰባ ላይ ሲበረታ የምጠራጠረው ለዚህ ነው። ፍጥነት ዋጋ አለው፤ ወፍራም ገመድ፣ ትልቅ ሣጥን፣ ከፍ ያለ የመስመር ማስገቢያ ወጪና ድምፅ አብረውት ይመጣሉ። ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ መኪናው ቸኩሎ የት ሊሄድ ነው? በመኖሪያ ሰፈር ብዙ ቀርፋፋ ሶኬቶች ከጥቂት ፈጣኖች ይሻላሉ ባይ ነኝ፤ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ አንባቢ ይህን አቋሜን አውቆ ያንብበው።

አንድ ወጥመድ እዚህ ላይ አለ። በመንገድ ዳር የሚተከሉት ቀርፋፋ መሙያዎች የሚሰጡት ኤሲ የተባለውን፣ በየቤቱ የሚገባውን ዓይነት ኤሌክትሪክ ነው፤ ባትሪ ወደሚቀበለው ዓይነት፣ ወደ ዲሲ ለውጦ ባትሪው ውስጥ የሚያስገባው በመኪናው ውስጥ ያለ መለወጫ ነው። የብዙ መኪኖች መለወጫ ከ7 ወይም ከ11 ኪሎዋት በላይ አይቀበልም። ስለዚህ «22 ኪሎዋት» ተብሎ በደማቅ ፊደል የተጻፈበት መሙያ ለአብዛኛው ሰው ከ7ቱ ወይም ከ11ዱ የተለየ ነገር አይሰጠውም። ለማይጠቀሙበት ኃይል የመስመር ወጪ መክፈል ግን እውነተኛ ወጪ ነው።

የመብራት ምሰሶ፦ ያለ እንጂ አዲስ የሚተከል አይደለም

የመንገድ መብራቶች ወደ ኤልኢዲ አምፖል ሲቀየሩ የሚፈጁት ኃይል ስለሚቀንስ፣ በምሰሶው ሥር ከሚያልፈው ገመድ የተወሰነ አቅም ይተርፋል። ይህን ትርፍ ወስዶ በምሰሶው ላይ ሶኬት መግጠም ይቻላል። በለንደን ዌስትሚኒስተር ሰዘርላንድ አቬኑ በተባለው ጎዳና ያሉ 24 የመብራት ምሰሶዎች እ.ኤ.አ. በ2020 በዚህ መንገድ ወደ ኃይል መሙያነት ተለውጠዋል።

የምወድለት ነገር በእግረኛ መንገዱ ላይ አንድም አዲስ ዕቃ አለመጨመሩ ነው። ቁፋሮው ትንሽ ወይም ከነአካቴው የለም፣ ድምፅ የለውም፣ የማይጠቀምበት ሰው መኖሩንም ላያስተውል ይችላል። አቅሙ ብዙውን ጊዜ ከ5 ኪሎዋት አካባቢ አያልፍም፤ ከላይ ያለውን ሒሳብ ያየ ሰው ግን ይህ እንደማያስጨንቀው ያውቃል። ገመዱን ይዞ የሚመጣው ባለ መኪናው ነው።

ነገር ግን ምሰሶው የቆመበት ቦታ ሁሉን ይወስናል። በአንዳንድ ጎዳና ምሰሶው ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነው፤ በሌላው ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ ከአጥሩ ሥር ቆሟል። ሁለተኛው ከሆነ ከሶኬቱ ወደ መኪናው የሚሄደው ገመድ እግረኛ መንገዱን አቋርጦ ይዘረጋል፤ በጨለማ ለሚያልፍ ሰው ወጥመድ ነው። አጥሩ ሥር ባለ ምሰሶ ላይ ሶኬት ለመግጠም የሚቀርብ ሐሳብ በአጭሩ ውድቅ መሆን አለበት። ሁለተኛው ችግር ቁጥር ነው። ምሰሶዎቹ የተተከሉት ለብርሃን ተብሎ ተራርቀው ነው፤ በመካከላቸው ብዙ መኪና ይቆማል። ያረጀ ምሰሶም መጀመሪያ መቀየር ሊኖርበት ይችላል፤ ያኔ «ርካሽ» የተባለው ርካሽ አይሆንም። ኮሚቴው ስንት ምሰሶ እንዳለ ከመቁጠር አልፎ ስንቱ ለዚህ እንደሚበቃ ያስፈትሽ።

ራሱን የቻለ ምሰሶ፦ ጥያቄው የማን መሬት ላይ እንደሚቆም ነው

ይህ ብዙ ሰው ኃይል መሙያ ሲባል በዓይኑ የሚመጣበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሶኬት አለው፣ ከ7 እስከ 22 ኪሎዋት ይሰጣል፣ የራሱ መስመርና መሠረት ይቆፈርለታል። ከመብራት ምሰሶው በአቅም ይበልጣል፤ መስመሩ አንዴ በአግባቡ ከተዘረጋም ሰፈሩ ፍላጎቱ ሲያድግ ተጨማሪ ለመትከል አይቸገርም።

በምክክር ላይ ከየትኛውም ጉዳይ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን እግሩን የሚያሳርፍበት መሬት ነው። ርካሹ መንገድ በእግረኛ መንገዱ ላይ መትከል ነው፤ ስለዚህ ያለ ተቃውሞ ከታለፈ የሚመረጠው እርሱ ነው። አሁን በዚያ መንገድ የሚሄዱትን እናስብ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናት፣ በበትር መንገድ የሚፈልግ ዓይነ ስውር። ለእነዚህ ሰዎች በመንገዱ መካከል የበቀለ ሣጥን ወደ አስፋልት ወርዳችሁ ከመኪና ጋር ተጋፉ ማለት ሊሆን ይችላል። የነዳጅ ጭስን ከሰፈር ለማስወጣት ብለን እግረኛውን ከመንገዱ ካስወጣነው ምን አተረፍን?

የሚሻለው አማራጭ የመንገዱን ጠርዝ ወደ አስፋልቱ በኩል ጥቂት ማስወጣትና ምሰሶውን እዚያ ላይ ማቆም ነው። ከመኪና ማቆሚያው ርዝመት ትንሽ ይቀነሳል፤ እግረኛ መንገዱ እንዳለ ይቀራል። ዋጋው ይጨምራል፣ የጎርፍ ውኃ መውረጃውም እንዳይደፈን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ሆኖም ቦታው የተቆረሰው ከሚጠቀምበት ከመኪናው ነው። የወጪ ልዩነቱ በምክክሩ ሰነድ ላይ በቁጥር ይቅረብ እንጂ «አይቻልም» በሚል ቃል ብቻ አይታለፍ።

አካል ጉዳተኛ ሾፌሮችም አሉ። የብሪታንያ የደረጃዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ፓስ 1899 የተባለ መለኪያ አውጥቷል፤ ሕዝባዊ ኃይል መሙያዎች ለአካል ጉዳተኛ እንዲመቹ የሶኬቱና የማያው ቁመት፣ በዙሪያው የሚተወው ክፍት ቦታና የመሳሰሉት ምን መምሰል እንዳለባቸው ይዘረዝራል። ሌላ አገር ያለ ኮሚቴም እንደ መነሻ ቢጠቀምበት አይጎዳም። በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ከፍ ያለ ጠርዝ መውጣት የማይችል ሰው በጠርዙ ላይ ያለው መሙያ ፈጣን ቢሆን ምን ይፈይድለታል?

ከቤት የሚወጣ ገመድ

ሦስተኛው አማራጭ ምሰሶ የለውም። በእግረኛ መንገዱ ላይ ከቤቱ እስከ አስፋልቱ ጠባብ ቦይ ይቀደድና ክዳን ይደረግለታል፤ ነዋሪው ከግቢው የሚመጣውን ገመድ በቦዩ ውስጥ አሳልፎ መኪናውን ይሞላል። በእንግሊዟ ኦክስፎርድ ከተማ ተሞክሯል። ትልቁ ጥቅሙ የታሪፍ ነው፤ ሰውየው የሚከፍለው የቤቱን የኤሌክትሪክ ዋጋ ነው፣ ይህም በሕዝብ መሙያ ከሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል።

ጉድለቱ የሚታየው ማታ መኪናውን ይዞ ሲመጣ ነው። ከደጁ ፊት ያለው ቦታ የመንገድ እንጂ የእርሱ አይደለም፤ ጎረቤት ቀድሞ ቆሞበት ከሆነ ቦዩ ከንቱ ነው። ከዚያ ሳይታወቅ «የእኔ ቦታ» የሚል ጠብ ይጀመራል። ፎቅ ላይ የሚኖር ሰውና አከራዩ ያልፈቀደለት ተከራይ ከመጀመሪያውም የሉበትም። ክዳኑ ተነሥቶ ሰው ቢሰናከል ኃላፊው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ካልታወቀ ደግሞ ባይጀመር ይሻላል። ቤቶቹ ሁሉ መንገዱን የሚያዩ፣ መኪናውም የማይበዛበት ጸጥ ያለ ጎዳና ከሆነ ግን ከሁሉም ርካሹ ይህ ነው።

ከመሬት ውስጥ ብቅ ብሎ የሚወጣና ሲጨርስ ተመልሶ የሚሰወር መሙያም አለ። ለዓይን ደስ ይላል። ተንቀሳቃሽ አካልን፣ ውኃንና አሸዋን በአንድ ጉድጓድ ማኖር ምን ያህል ጥገና እንደሚጠይቅ ግን አምራቹን በደንብ ጠይቁት።

የጋራ ፈጣን ጣቢያ

50 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ የሚሰጡና በመኪናው መለወጫ በኩል የማያልፉ የዲሲ መሙያዎች በአንድ መኪና ማቆሚያ ተሰብስበው የሚቆሙበት ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ታክሲ፣ ለዕቃ አመላላሽና ለእንግዳ ከዚህ የሚሻል የለም። እግረኛ መንገዳቸው ከመጥበቡ የተነሣ ምንም ነገር ሊተከልባቸው ለማይችሉ ጎዳናዎችም መፍትሔ ይሆናል፤ ጣቢያው በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ እስከሆነ ድረስ። የማቀዝቀዣ ማራገቢያው ድምፅ ስላለው ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር አይተከልም። ሁለት ባለ 50 ኪሎዋት መሙያ ባንድ ጊዜ ሲሠሩ 100 ኪሎዋት ይጠይቃሉ፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ይህን ይችል እንደሆነ ከምክክሩ በፊት መታወቅ አለበት። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። በነገራችን ላይ የቀርፋፋዎቹም ድምር ቀላል አይደለም። ባለ 7.4 ኪሎዋት አሥር ሶኬቶች 74 ኪሎዋት ናቸው፤ ሁሉም ሰው ከሥራ ተመልሶ በተመሳሳይ ሰዓት ሲሰካ ጭነቱ ይከመራል። እነርሱ ግን ሌሊቱ ረጅም ስለሆነላቸው ኃይሉን እየተካፈሉ እንዲሞሉ በሚያደርግ ሥርዓት ሊታሰሩ ይችላሉ። ፈጣኑን አቀዝቅዞ ማካፈል ግን ፈጣንነቱን መሻር ነው።

ጠቡ ያለው ማቆሚያው ላይ ነው

በእንዲህ ያለ ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ የሚያጨቃጭቀው ሶኬቱ ሳይሆን በፊቱ ያለው የመኪና ማቆሚያ ነው። «ለኤሌክትሪክ መኪና ብቻ» የሚል ምልክት ሲቆም የነዳጅ መኪና ያለው ጎረቤት አንድ ቦታ ተቀማ ማለት ነው። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ በተለይ መጀመሪያ ላይ ቦታው ባዶውን ሲያድር። ምልክቱ ከሌለ ደግሞ መሙያው ፊት የነዳጅ መኪና ያድርና በሕዝብ ገንዘብ የተተከለው ሶኬት ጌጥ ይሆናል።

እኔ የምመርጠው መካከለኛውን ነው። ሁለት ሶኬት ላለው ምሰሶ መጀመሪያ አንዱን ቦታ ብቻ መከለል፣ ሁለተኛውን ለማንም ክፍት መተው፣ አጠቃቀሙ ሲጨምርም ሁለተኛውን መከለል። ጭማሪው የሚመጣበት የአጠቃቀም መጠን ግን በምክክሩ ሰነድ ላይ ከወዲሁ ይጻፍ፤ አለበለዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ተንኮል ይመስላል። ገመድ ሳይሰካ የቆመ የኤሌክትሪክ መኪናም ያው ደንብ ይድረሰው።

የጊዜ ገደብስ? ቀን ቀን ለአራት ሰዓት ብቻ ቢባል ተገቢ ነው። በሌሊት ገደብ መጣል ግን ሰውን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ፒጃማውን ለብሶ መኪና እንዲያነሣ ማዘዝ ነው። እንዲህ ያለ ደንብ ከመጣስ ውጭ ሌላ ዕድል የለውም።

ምክክሩ ራሱ፦ ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው፣ ነጥቦቹ የተመረጡበትን ካርታ አውጥቶ ተቃውሞ መጠበቅ ነው። ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ኮሚቴዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። ነዋሪው ግን ካለቀ ነገር ፊት እንደቆመ ይሰማዋል፤ ብዙውን ጊዜም አልተሳሳተም።

ሁለተኛው በጥያቄ መነሣት ነው። አምስተርዳም ስትሠራበት የቆየችው በዚህ መንገድ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ያለውና የራሱ ማቆሚያ የሌለው ነዋሪ ያመለክታል፣ በአቅራቢያው በቂ መሙያ ከሌለ ከተማው ቦታ መርጦ ይተክላል። ባዶ ቦታ ተከልሎ አያድርም፣ ተጠቃሚው ከመጀመሪያው ቀን አለ። ነገር ግን መሙያ ስለሌለ መኪናውን ሳይገዛ የሚጠብቀው ሰው በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። ማመልከት የሚያውቅበትና ጊዜ ያለው ሰፈርም ቀድሞ ያገኛል።

ሦስተኛው ባዶ ካርታ ይዞ መቅረብ ነው። ነዋሪው የሚመቸውንም የማይመቸውንም ቦታ ራሱ ያመለክታል፤ መሐንዲሱ ከመስመሩ አቅም ጋር ያገናዝባል፤ ከዚያ የተመረጠው ተመልሶ ለአስተያየት ይቀርባል። ረጅም ነው። አጥሩ ሥር የቆመውን ምሰሶ፣ ጎርፍ የሚተኛበትን ጥግ፣ ልጆች የሚሮጡበትን መታጠፊያ ቢሮ ካለው ካርታ ይልቅ የሚያውቀው ነዋሪው ስለሆነ ግን ድካሙን ይክሳል። ጊዜ ከፈቀደ ይህን እመርጣለሁ። ጊዜ ካጠረ ደግሞ ከሁለተኛው ጋር አዳቅሎ በየሰፈሩ ጥቂቱን በዕቅድ፣ የቀረውን በጥያቄ መትከል ይቻላል።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ምክክሩ የይስሙላ መሆን አለመሆኑን መለኪያ አለ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1985 በትምህርት ቤቶች መዘጋት ላይ በተነሣ ክርክር የጸና፣ ጋኒንግ በሚል ስም የሚጠራ መመዘኛ አለ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2014 አጽድቆታል። ምክክሩ ሐሳቡ ገና ሳይደርቅ ይካሄድ፤ ሰው አስቦ እንዲመልስ በቂ ምክንያት ይነገረው፤ በቂ ጊዜ ይሰጠው፤ ውሳኔው ሲሰጥም የተባለው ከልብ ይታይ። ለትምህርት ቤት የተባለው ለኃይል መሙያም ልክ ነው። ውሉ ተፈርሞ፣ ዕቃው ታዝዞ ወረቀት የሚልክ ኮሚቴ በመጀመሪያው መመዘኛ ላይ ወድቋል።

ስብሰባውን ማታ ብቻ የሚጠራ ሰው የሌሊት ተረኛውን ትቷል። በስልክ መተግበሪያ ብቻ የሚጠይቅ አዛውንቱን ትቷል። መኪና የሌላቸውንና ዓይነ ስውራንን ቤታቸው ሄዶ መጠየቅ ቢያስፈልግም ይደረግ፤ እግረኛ መንገዱን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ፊርማ ከማኖር በፊት ሰነዱ ውስጥ የሚፈለገው

ስንት ኪሎዋት፣ ስንት ሶኬት፣ ምሰሶው ከቆመ በኋላ ለእግረኛ የሚቀረው ስፋት በሴንቲ ሜትር። ዋጋው በኪሎዋት ሰዓት ይሁን ወይስ በቆሙበት ሰዓት፤ በሰዓት ከሆነ መኪናው ቀስ ብሎ የሚሞላ ሰው ይጎዳል። የመሰኪያው ዓይነት በአካባቢው ካሉት መኪኖች ጋር ይስማማ፤ አውሮፓ ለኤሲ ታይፕ 2 የተባለውን ስትጠቀም ቻይና ደግሞ ጂቢቲ የተባለ የራሷ አላት።

የሚረሳው ጥገና ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣችው ደንብ የፈጣን መሙያ መረቦች በዓመት በአማካይ 99 በመቶ አስተማማኝ እንዲሆኑ ያስገድዳል፤ ግዴታው ግን 50 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ነው። በሰፈር መንገድ ዳር የሚተከለው ቀርፋፋ መሙያ ከዚህ ጥላ ውጭ ነው። ስለዚህ ብልሽት በስንት ቀን እንደሚጠገንና ካልተጠገነ ቅጣቱ ምን እንደሆነ በውሉ ውስጥ ራሱ ይግባ። መሙያውም ኦሲፒፒ በተባለው ክፍት የመገናኛ ደንብ የሚሠራ ይሁን፤ ያኔ ድርጅቱ ቢከስር ወይም ቢሰለቸው ምሰሶውን ሳይነቅሉ ሥራውን ለሌላ ማስረከብ ይቀላል።

ለመምረጥ እንዲህ አደርግ ነበር። የመብራት ምሰሶዎቹ ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ካሉና ጤናማ ከሆኑ ከእነርሱ እጀምራለሁ። አጥር ሥር ከሆኑ ወደ አስፋልቱ በወጣ ጠርዝ ላይ ራሱን የቻለ ምሰሶ እጠይቃለሁ። እግረኛ መንገዱም አስፋልቱም ጠባብ ከሆነ ምንም አልተክልም፤ በቅርብ ባለ ማቆሚያ የጋራ ጣቢያ እንዲሠራ እጽፋለሁ። ቦዩን የምፈቅደው የኃላፊነቱ ውል በእጄ ሲገባ ብቻ ነው።

አስተያየቱ ከተሰበሰበ በኋላ ኮሚቴው የመጀመሪያውን ካርታና የመጨረሻውን ጎን ለጎን አትሞ ለየቤቱ ይላክ፤ ከካርታው የወጣው ቦታ ለምን እንደወጣ፣ ያልወጣውም ለምን እንደቆየ ከሥሩ ይጻፍበት። ከተተከለ ከአንድ ዓመት በኋላም የየሶኬቱ አጠቃቀም ይገለጽ፤ ሁለተኛው ማቆሚያ ይከለል ወይስ ይቆይ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ያኔ ነው።